የግምጃ ቤቱ አንድ ዓይና

ጡረታ ልወጣ ሰባት ሳምንት ሲቀረኝ ሌባ ሆንኩ። ያውም በቀለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ስሜ ገብረመንፈስቅዱስ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ግን ጋሽ ገብሬ ነው የምባለው፣ ሙሉ ስሜን የሚችል የፊርማ መስመር እስከ ዛሬ አልታተመምና። ደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የዱቄትና የብስኩት ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጓንቱ፣ ቦቲ ጫማው፣ አምፖሉ፣ ብሎኑ፣ መጥረጊያው፣ ሁሉም የሚወጣው በኔ እጅ ነው። ሞዴል ሃያ ሁለት ላይ ሳይፈረም አንዲት ብሎን ከበሬ አልፋ አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘሥላሴ ራሳቸው አንድ ቀን እስክሪብቶ ሊወስዱ መጥተው "ይፈርሙ" ብያቸዋለሁ። ፈረሙ እንጂ ምን ያመጣሉ።

በዚህ የተነሣ የሚወደኝ ሰው ብዙ አልነበረም፤ አላጣሁትም። "ጋሽ ገብሬን ገነት በር ላይ ቢያቆሙት ጻድቃኑን ሁሉ ሲያስፈርም ይመሻል" ይሉኛል። ይበሉ። የሰው ንብረት የሚጠብቅ ሰው እንዲወደድ ተብሎ አይቀጠርም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰኔ ሠላሳ ቀን ቁልፉን አስረክቤ ስወጣ፣ "ሰውዬው ነዝናዛ ነበር፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር" እንዲባልልኝ። ሌላ ይዤው የምወጣው ሀብት የለኝም።

ታዲያ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው ተብሎ፣ አቶ ዘሥላሴ በሠራተኛው ክበብ ትልቁ ግድግዳ ላይ ሥዕል ይሣል አሉ። እኔ ሥዕል ሲባል ፏፏቴ ወይ የአንኮበር ተራራ መስሎኝ ነበር። "የሚሣለው ፋብሪካው ራሱ ነው" ሲሉን ሳቅሁ። ሰው ክበብ ገብቶ ሻይ የሚጠጣው ለግማሽ ሰዓት ፋብሪካውን ላለማየት አይደለም እንዴ?

ሠዓሊዋ ራሔል ትባላለች። አዲስ አበባ ሥዕል ተምራ፣ በሬሳ ወንዝ አጠገብ ቤት ተከራይታ የምትኖር ቀጭን ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን መሰላል ልትወስድ መጣች። ፈርሚ አልኳት፤ ፊርማዋን የሲሎ ቅርጽ አድርጋ ሣለችበት። ስሟን እንድትጽፍ በአዲስ ወረቀት አስፈረምኳት። አልተቆጣችም፤ እኔን ያናደደኝም እሱ ነው።

"ጋሼ፣ ሲሎዎቹ ጠዋት ጠዋት ስንት ዓይነት ቀለም እንደሚያወጡ አይተዋል?" አለችኝ።

"ሲሎ ቆርቆሮ ነው፤ ቀለሙም የቆርቆሮ ነው።"

"ነገ አንድ ሰዓት ላይ ይዩዋቸውና ይንገሩኝ።"

በማግሥቱ አየሁ፤ አልዋሽም። ፀሐይዋ ከአንኮበር በኩል ብቅ ስትል ስንዴ ማከማቻዎቹ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ መሰሉ። ከዚያ ወርቅማ ሆኑ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቆርቆሮ። ሃያ ስድስት ዓመት ከሥራቸው ስመላለስ ይህን አላየሁም። ለሷ ግን አልነገርኳትም፤ ምን ባይ ነኝ።

ግድግዳው ላይ በከሰል መንደፍ ስትጀምር ደግሞ ሌላ ጠብ መጣ። ቆጠርኩ፤ አምስት ሲሎ።

"ያሉን አራት ናቸው" አልኳት።

"አምስት ሲሆኑ ለዓይን ይመቻል።"

"ለዓይን ይመች። አምስተኛው ግን በማን ፊርማ ገባ?"

ከመሰላሉ ላይ ሆና ሳቀች፤ እንዳትወድቅ ፈራሁ። በማግሥቱ ስመጣ አምስተኛው ጠፍቶ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቷን ወደድኳት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብተሯን ይዛ ግቢውን ስትዞር ከረመች። ወይ የሰዉ ጉድ። ራሔል ወደ አንድ ክፍል ስትገባ ሁሉም ሥራውን ትቶ ዱቄቱን ከፀጉሩ አራግፎ ፊት ለፊት ይገተራል። የወፍጮ ክፍል ልጆች ደረታቸውን ነፉ። የማሸጊያ ክፍሏ እታፈራሁ፣ ምላሷ ከማሸጊያ ማሽኑ የሚፈጥን ሴትዮ፣ ለበዓል የምታደርገውን ነጠላ ከቤቷ አምጥታ በሥራ ልብሷ ላይ ደረበች። አቶ ዘሥላሴ ክራቫት አሰሩ። እኔ ለእንዲህ ያለው ነገር ጊዜ የለኝም፤ ሥራዬን ሠራሁ።

ሥዕሉ የተገለጠው ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። የዱቄት ከረጢቶች ተሰፍተው የተሠራ መጋረጃ ነበረው፤ ከረጢቶቹንም የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ በፊርማ። አቶ ዘሥላሴ ሳቡት።

ያምራል። የተጎዳሁት እኔ ስሆን እንኳ ያምራል እላለሁ። አራቱ ሲሎዎች ያንን የጠዋት ቀለማቸውን ለብሰው ቆመዋል። ከጀርባቸው ጉም ከገደሉ በኩል ወጥቶ አጥሩን ሊያልፍ ሲል ተይዟል። ስንዴ የጫኑ መኪኖች በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ቧንቧው፣ የእህል ማጓጓዣው፣ የወፍጮ ቤቱ የተሰበረች መስኮት ሳትቀር አለች። ሰዉ ደግሞ ሁሉም በየቦታው ፊት ለፊት እያየ፣ ትልልቅ ዓይኖቹን አፍጥጦ። "ያቻትና እኔ" እየተባለ ተጯጯሁ። እኔም ግምጃ ቤቱን ፈለግሁ፤ አገኘሁት። ግራጫ ጋዋኔ አለ፤ ቁልፎቼ ወገቤ ላይ ናቸው። ፊቴ ግን የጎን ነው። አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን።

ለማያውቅ ልንገር። እኔ ያደግኩት አንኮበር ነው፤ በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ላይ አፍጥጬ ነው ቅዳሴው የሚያልቅልኝ። በኛ ሥዕል ደግ ሰው ሙሉ ፊቱን ሆኖ ሁለት ዓይን ይኖረዋል። ከሃዲው፣ ክፉው፣ ሰይጣኑ የጎን ፊት ሆኖ አንድ ዓይን ይሣላል። የምሴተ ሐሙስን እራት በሚያሳየው ሥዕል ላይ ከአሥራ ሦስቱ መካከል ይሁዳ የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ ሕፃን የለም፤ ዓይን መቁጠር ነው። ያ ሁሉ ሠራተኛ ደግሞ እንደኔው ከየደብሩ ሥር ያደገ ነው። ሁሉም ቆጠረ። ከአርባ ሦስት ሰው አንድ ዓይን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዕቃ ጠባቂው።

ከዚያ እታፈራሁ ከኋላ፣

"ጋሽ ገብሬ፣ ሁለተኛዋን ዓይን በሞዴል ሃያ ሁለት ለማን ሰጧት?" አለች።

ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። ሻዬን ሳልጨርስ ግን ወጣሁ።

ሳቅ ብቻ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። ሰኞ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ሹክሹክታ ሆነ። ማክሰኞ ወፍጮ ክፍል ገባ። ረቡዕ ሹፌሮቹ ጭነው ሰላ ድንጋይና እነዋሪ አደረሱት። "ልጅቷ ሁለት ሳምንት ስትዞር የከረመችው እኮ ዝም ብላ አይደለም፤ ያየችው ነገር አለ" ተባለ። "ሠዓሊ እጁ ይመራዋል፤ ሳያውቅ ነው የሚያወጣው" አለ ሌላው። የዛሬ ሦስት ዓመት ስለጠፉት አሥራ ሁለት ጥንድ ቦቲዎች ተነሣ። ቦቲዎቹ እኮ በማግሥቱ ከመኪና ወንበር ሥር ተገኝተዋል። ግን መጥፋታቸውን እንጂ መገኘታቸውን የሚያስታውስ አንድ ሰው ጠፋ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ ነው ነገሩ፤ ድሮም አይወዱኝም፣ አሁን ምክንያት አገኙ።

ተናደድኩ ብል ይቀለኝ ነበር፤ አፍሬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መደርደሪያዎቹ መካከል ተቀምጬ ከበሩ አልወጣሁም። ጓንት ሊወስድ የመጣ ሁሉ ፊቴን ሰርቆ እያየ ይፈርማል።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ለፋሲካ ነገርኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳ እኮ ነው" አለች። ትንሽ ቆየችና፣ "በየትኛው ጎን ነው የሣለችህ?"

"በግራ።"

"እሱስ ግራህ ነው የሚያምረው።"

"ፋሲካ፣ የሽኝቱ ዕለት ልጆቻችን የሚቀመጡት እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። እኔ እሄዳለሁ፤ እሱ ሰውዬ እዚያ ይቀራል። የኔን ፊት የማያውቅ ነገ የሚቀጠር ልጅ ሁሉ ያንን አይቶ 'ሌባው የቱ ነው' ሲባል ጣቱን ወደኔ ነው የሚቀስረው።"

ፋሲካ ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። "እንግዲያ ሂድና ንገራት፤ እዚህ ቁጭ ብለህ ብታላዝን ዓይን አይበቅልልህም" አለችኝ።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ራሔል ቤት ሄድኩ። ሳሎኗ ውስጥ መቀመጫ የለም፤ ሥዕል ብቻ። የጡብ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ የከፍተኛ ኃይል ምሰሶዎች፣ የዛገ የውኃ ታንከር፣ የተዘጋ ጋራዥ። አንድ አበባ ለመድኃኒት የለም።

"ምነው ልጄ፣ ተራራ ጠላሽ?"

"ያደግኩት አቃቂ ነው ጋሼ" አለች፣ ቀለም ቆርቆሮ ገልብጣ እያስቀመጠችኝ። "መስኮታችን ሲከፈት የሚታየው ጭስ ማውጫ ነበር። አባቴ ከዚያ ከሥራ ሲመጣ ለጨዋታ እሸሸግለት ነበር። ትምህርት ቤት ተራራ ሣሉ ሲሉን፣ ሌሎቹ የሚያውቁትን ተራራ ሣሉ፤ እኔ የማውቀውን ሣልኩ።"

ነገሩን ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። የይሁዳን ነገር ስጠራላት አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ወይኔ። ይህን እኮ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። አሥር ከአሥር ነው ያገኘሁት።"

"አየሽ፣ እኔ ዘጠኝ ብታመጪ ይሻለኝ ነበር።"

ልታለቅስ ደረሰች፤ አሳዘነችኝና እኔው አጽናናኋት። ይህም አለ፣ ሰው አሰድቦህ አጽናናኝ ይልሃል። ከዚያ ደብተሯን አምጥታ፣ ሁለተኛ ዓይን ብትጨምርልኝ ምን እንደምመስል በእርሳስ ሞከረችው። የጎን ፊት ላይ ሁለት ዓይን። ሁለታችንም አየነው። የኩሬ ዓሣ ታንቆ ሲሞት እንዲያ ነው የሚሆነው።

"አይሆንም" አለች። "ሙሉ ፊትዎን ወደዚህ ማዞር አለብኝ። አንገቱም ትከሻውም ይፈርሳል። ቅዳሜ ቀለም ይዤ እመጣለሁ፣ በሰው ፊት አስተካክለዋለሁ፤ ስህተቱም የኔ መሆኑን እናገራለሁ።"

ደብተሩን ስታገላብጥ ሌሎቹን ንድፎች አየሁ። እታፈራሁ ከነነጠላዋ ፊት ለፊት፤ ወፍጮ ክፍሎቹ ፊት ለፊት። እኔ በተሣልኩባቸው አምስት ገጾች ሁሉ የጎን።

"አንድ ቀን እንኳ ወደኔ አላዩም" አለች ራሔል። "ጠዋት ጠዋት በር ላይ ወጥተው ቀና ብለው ወደ ላይ ነበር የሚያዩት። ሌላው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው፤ እርስዎ ግን መኖሬንም ያወቁ አይመስሉም። ምን ነበር የሚያዩት?"

"እኔ ምን አውቄ። ደመና ይሆናል።"

ደግሞ እውነቴን ነው፤ አላወቅሁም።

ቅዳሜ ክበቡ ከምረቃው ቀን ይልቅ ሞላ። ሰው ሲሣል ማን አየ፣ ሰው ሲዞር ደግሞ ጭራሽ። አቶ ዘሥላሴ ከፊት ተቀመጡ። ራሔል መሰላሉን አቁማ፣ ስህተቱ የሷ እንደሆነና ጋሽ ገብሬ ምንም እንዳላጠፉ ተናገረች። ሰዉ አንገቱን ነቀነቀ፤ ፊቱን ሳየው ግን "አይ፣ ለምኖ አሳምኗት ነው" የሚል ነበር። እሷ ብሩሿን ነከረች፤ እኔ ግድግዳው ሥር እንደ ተከሳሽ ቆምኩ።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና አብዱልጀሊል ገባ። አብዱልጀሊል የሲሎ ሠራተኛችን ነው፤ በየጠዋቱ መሰላሉን ወጥቶ የስንዴውን ልክና ሙቀት ከላይ የሚያይ፣ የአሊዩ አምባ ልጅ። የእህቱን ሰርግ ሊበላ አሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ወጥቶ ነበር። እሱ ፈቃድ ሲወጣ የሲሎው መሰላል ይቆለፋል፤ ሌላ ሰው አይወጣበትም። አንድ ከረጢት ፓፓያ ተሸክሟል።

"ያ ጀመዓ፣ ሰርጉ እዚህም አለ እንዴ?"

እታፈራሁ ከመቀመጫዋ ሆና ሁሉንም ነገረችው። ዓይኑን፣ ይሁዳውን፣ ቦቲውን ሳይቀር። አብዱልጀሊል ሰምቶ ሰምቶ፣

"ቆይ፣ በናንተ ዘንድ ወደ ጎን ያየ ሁሉ ሌባ ነው?" አለ። "እንግዲያ የአህያ ነጋዴ ሁሉ ሲኦል ገባ በሉኛ። ይሄ እኮ የመታወቂያ ፎቶ አይደለም፤ ሰውዬው የሚያየው ነገር ይኖረዋል።"

ሰዉ ሳቀ። እሱ ፓፓያውን አስቀምጦ ወደ ግድግዳው ተጠጋና ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ረጅም ጊዜ አየ። ሦስተኛው ሲሎ መሰላል ላይ፣ ከመሬት ብዙ ከፍ ብሎ፣ ጥፍር የምታህል ቀይ ነገር አለች።

"ይቺ እኔ ነኝ?"

"አንተ ነህ" አለችው ራሔል። "ቀይ ሄልሜትህ ናት። ፊትህ አይታይም፣ ይቅርታ።"

አብዱልጀሊል ጣቱን በኔ በአንዷ ዓይን ላይ አደረገና ቀስ እያለ ወደ ላይ ጎተተው፤ ከጋዋኔ በላይ፣ ከቧንቧው በላይ፣ ከማጓጓዣው በላይ። እጁ አልደርስ ሲለው የራሔልን መሰላል ሁለት እርከን ወጣ። ጣቱ ያረፈችው ቀዩዋ ላይ ነው።

"ሱብሃነላህ" አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። "ይሄ ሰውዬ እኮ እኔን ነው የሚያየው።"

ከመሰላሉ ሳይወርድ ወደ ሰዉ ዞረ።

"ስድስት ዓመት ነው ይህን መሰላል የምወጣው። ወላሂ፣ ሦስተኛው ሲሎ ጋ ንፋሱ እንደ ሰው ነው የሚገፋው። ወደ ታች ማየት አልወድም። ግን መሀል ስደርስ አንዴ አያለሁ። ሁሌ እዚያ በር ላይ አለ። ቀበቶዬን ሳላስር አንድ እርከን ከወጣሁ እጁን ያነሣል፤ አስሬ እስካሳየው አያወርደውም። ላይ ደርሼ እጄን ሳላወዛውዝለት ገብቶ አያውቅም። ዝናብ ሲሆን በዝናብ፣ ብርድ ሲሆን በብርድ። ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ዱዓ ስታደርግ ታነሣዋለች። ስሙ ስለሚረዝምባት 'ያ በሩ ላይ ያለው' ነው የምትለው።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ደመና ነው ብዬ ነበር እኮ።

እንግዲህ ይህንንም ልናገረው። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት፣ ከግምጃ ቤቱ በኔ እጅ የወጣ የደኅንነት ቀበቶ ስፌቱ ተተርትሮ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሲሎ ላይ ተንጠለጠለ። ተረፈ፤ ዛሬ እነዋሪ ሰባት ልጅ ወልዶ ስንዴውን ለኛው ይሸጣል። ያን ዕለት ሞዴሉን አውጥቼ አየሁት። ፊርማው ሙሉ ነበር፣ ቀኑ ነበር፣ ቁጥሩ ነበር። አንድም የጎደለ ነገር አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ቀበቶ ሰጥቼ ወደ ውስጥ መግባት አቃተኝ። ሰውዬው ሲሎው ጫፍ እስኪደርስ እግሬ አይታዘዘኝም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ቆይቶ እንደ መተንፈስ ልማድ ሆነና እኔም ረሳሁት፣ አንገቴና እጄ ብቻ አልረሱም።

ይህን ሁሉ ያን ዕለት አልተናገርኩም። "ቀበቶው የፋብሪካው ንብረት ነው፤ እሱን ነው የማየው" አልኩ። ማንም አላመነኝም። ሳምንቱን ሙሉ ንጹሕ ሆኜ ያልታመንኩት ሰውዬ፣ አሁን ስዋሽም አልታመንኩም።

ራሔል ብሩሹ እጇ ላይ እንዳለ ነው። "ጋሼ፣ ላዙርዎት?" አለችኝ ቀስ ብላ።

ግድግዳውን አየሁ። ግራጫውን ጋዋን፣ ያቺን አንድ ዓይን፣ ከዚያ በላይ ያቺን ጥፍር የምታህል ቀይ።

"ተይው" አልኳት። "ወደ ሰዉ ካዞርሽኝ ልጁን ማን ያየዋል?"

ይህን ብዬ አፍንጫዬን ለመጥረግ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ክበቡ ውስጥ ዱቄት ይበዛል።

ቀድማ አፏን የከፈተች እታፈራሁ ናት፤ መቼም ሌላ ማን ይሆናል። ግን አልቀለደችም። ነጠላዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አጠፈችና፣ "እኔስ እዚያ ምን ሳይ ነው የተሣልኩት?" አለች። "ማሽኑ በኋላዬ ከረጢት ሲያበላሽ እኔ ለሥዕል ተገትሬ። ራሔልዬ፣ በሞቴ፣ ወደ ሥራዬ መልሺኝ።"

"እኔንም" አሉ ከወፍጮ ክፍል። "እኛንም" አሉ ሹፌሮቹ። መጨረሻ ላይ አቶ ዘሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ በጆሮዋ መሰላቸው እንጂ ሁላችንም በሰማነው ድምፅ፣ "የኔም ፊት ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ቢል ምን ይመስልሻል?" አሏት። ራሔል መሰላሉ ላይ ተቀምጣ እስኪደክማት ሳቀች። አርባ ሁለት ሰው የምታዞርበት ቀለም እንደሌላት ነገረቻቸው። እታፈራሁን ብቻ አዞረቻት፤ እሷን እምቢ ማለት የሚችል ሰው አልተፈጠረም። ፓፓያው ተቆርጦ ታደለ። ቦቲዎቹ ከመኪና ወንበር ሥር መገኘታቸውን ድንገት ሦስት ሰው አስታወሰ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አብዱልጀሊል መጣ። ቀበቶውን ስፌት በስፌት ፈትሼ ሰጠሁት፤ ፈረመ፤ ሄደ። መዝገቡን ዘግቼ እንደ ልማዴ ወደ በሩ ወጣሁ። ቦታዬ ተይዟል።

እታፈራሁ ነጠላ ሳታደርግ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቆማለች። ከአጠገቧ ሁለት የወፍጮ ክፍል ልጆችና አንድ የእነዋሪ ሹፌር አሉ። አራቱም አንገታቸውን ሰብረው ወደ ሦስተኛው ሲሎ ያያሉ። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጉሙ ገና አጥሩ ላይ ነው።

"አሰረ?" አልኩ።

"አስሯል" አለች ዓይኗን ከሲሎው ሳትነቅል። "አንዴ ሳያስር ሊወጣ ሲል አራታችንም እጃችንን አነሣን። ደንግጦ ሊወድቅብን ነበር።"

መሀል ሲደርስ ወደ ታች አየ። ግራ እንደተጋባ ከዚያ ርቀትም ይታወቅ ነበር። ከዚያ ቀጠለ።

"እርስዎ ይግቡ ጋሽ ገብሬ" አለች እታፈራሁ። "ሰኔ ሠላሳ ሲሄዱ ማን ያየዋል ብለው እንዳያስቡ ነው። እስከዚያ እኛም እንልመደው።"

ወደ ውስጥ ገባሁና ወንበሬን ሳብኩ። በአሥራ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው ሲሎ ላይ እያለ ተቀመጥኩ።